መልቲኔ ለእናቲቱ የሰጠችው ፊት

በኛ ከተማ በታሞራ፣ አምላካችንን እናቲቱን ያለበሰች ሴት ከመቅደሱ መጋረጃ ኋላ ስትወጣ የምትለው ቃል አንድ ነው። «ደህና ናት። ታያችኋለች» ትላለች። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ እፎይ ይልና ወደ ወይኑና ወደ ጠቦቱ ሥጋ ይሄዳል። በዓሉ በዓመት አንዴ ነው። መልቲኔ ይህን ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ብላዋለች። እኔ አሥራ አራት ጊዜ ብየዋለሁ። ስለ እሷ የማወራው ሌላ የሚያወራላት ስለጠፋ ነው። የሚያነሷትም ቢሆኑ የሳንቲሙን ነገር እያነሱ መሳቅ ይወዳሉ፤ እኔ ደግሞ ያን ሳቅ አልወደውም።

ትሪፌና እባላለሁ፣ ሱፍ ፈታይ ነኝ። የኔና የመልቲኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ እሱም ግድግዳ ከተባለ። ስታስል እሰማታለሁ፣ እኔ ስቆጣ እሷ ትሰማኛለች። የምቆጣው ደግሞ በየቀኑ ነው፣ አልደብቅም። የእናቲቱን ልብስ እሷ ትሸምነዋለች፣ ክሩን እኔ እፈትልላታለሁ። ወጥ ያልሆነ ክር ካገኘች ምንም ሳትናገር መልሳ ደጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። ተናግራ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ባሏ ወይን ጠማቂ ነበር፤ አንድ ቀን ትልቁን ጋን ሊያጥብ ገብቶ እዚያው ታፍኖ ቀረ። የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ አሚያ። አሚያ ቆንጆ ነበረች ብዬ አልዋሽም። በልጅነቷ ከበለስ ዛፍ ወድቃ አፍንጫዋ መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀርቷል። የግራ ጆሮዋ ከጠጉሯ ሥር ወጣ ያለ ነበር፤ ሁልጊዜ የሰው ወሬ የምታዳምጥ ትመስላለች። ብቻ ስትስቅ ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ያያት ነበር። አንድ በቅሎ ነጂ አገባት። ኤልፒስን በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ወሰዳት። በቅሎ ነጂው ሦስት ወር አለቀሰ፣ ከዚያ ሸቀጡን ጭኖ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ እንደወረደ ቀረ። መልቲኔ ሕፃኗን በፍየል ወተት አሳደገቻት።

ሕፃኗ እናቷን ትምሰል እንጂ ስንል አባቷን መሰለች። ወፍራም ቅንድብ፣ ድፍጥጥ ያለ አፍንጫ። መልቲኔ አንዳንዴ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞራትና አንድ ነገር ስትፈልግ ትቆያለች። ፈልጋ አታገኝም።

እናቲቱ፣ የተራራዋ እናት፣ ከእንጨት ናት። ማን እንደጠረባት የሚያውቅ የለም። ከራስ እስከ እግር ትለብሳለች፣ ፊቷ ላይ ሻሽ ይወርዳል፤ ለሕዝብ የሚታዩት ሁለቱ እጆቿና ከእጆቿ የሚንጠለጠለው የሱፍ ክር ብቻ ናቸው። በጸደይ ልብሷ ይወልቃል፣ በምንጩ ውኃ ትታጠባለች፣ አዲሱን ትለብሳለች። ይህን የምትሠራው ባል የሌላት አንዲት ሴት ናት፤ ያየችውን ላትናገር ምላ ነው የምትገባው። ካህኑ እንኳ አያይም። የኛ ካህን ደግሞ ሹመቱን በጨረታ የገዛ ቆዳ ነጋዴ ስለነበር፣ ባያይ ደግ ነው።

ነገሩ የመጣው ከኪሎንዳ ነው። ኪሎንዳ ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ሰዎቿ ከኛ ጋር ያልተጣሉበት ነገር የለም፤ የማን አምላክ ይቀድማል፣ በትልቋ ከተማ በሰርዴስ በዓል ሲሆን ማን ፊት ይሰለፋል፣ የማን በግ በማን ሣር ጋጠ። አንድ ዓመት የራሳቸውን የመዳብ ሳንቲም አስመቱ። በአንዱ ፊት ፈረስ ላይ የተቀመጠው አምላካቸው መጥረቢያውን ይዞ፣ በሌላው ፊት መቅደሳቸው ከነአራት ዓምዱ። መቅደሳቸው ሁለት ዓምድ ነው ያለው። ገብቼ አይቼዋለሁ።

በገበያ ቀን አንዱ የኪሎንዳ አይብ ሻጭ ሳንቲሙን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ፣ «የኛው ይኸው ፈረሱ ላይ ነው። የናንተዋ የታለች? ወይስ የምታመልኩት ጨርቅ ነው?» አለን።

«ፈረሱ ከአምላኩ ወፍሯል፤ የሚበላው ማን እንደሆነ ታወቀ» አልኩት። ሰው ሳቀ። ግን የከተማው ሸንጎ አለቃ ሜኖፊሎስ አብሮ ቆሞ ነበርና እሱ አልሳቀም። ጨርቅ መባሏ አንጀቱን አቃጠለው።

ሜኖፊሎስ ዘይት ነጋዴ ነው፤ ስሙ በድንጋይ ሲጻፍ ማየት የሚወድ ሰው። ከራሴ ኪስ ከፍዬ ሳንቲም አስመታለሁ አለ። በአንዱ ፊት ወንዛችን እንደ ሽማግሌ ተጋድሞ ይቀረጽ፣ ዙሪያውን ሜኖፊሎስ ለአገሩ ሰጠ ተብሎ ይጻፍ። ወንዛችን በበጋ ፍየል እንኳ የማያጠጣ ነው፤ በሳንቲሙ ላይ ግን ሆዱን ገልብጦ ተንጋሎ፣ ከእንስራው ውኃ ይንዠቀዠቃል። እሺ፣ ይሁን። በሌላው ፊት ግን የእናቲቱ ፊት ይኑር አለ። ልብሷ አይደለም፣ ሻሿ አይደለም፤ ፊቷ።

ማተሚያ ብረቱን የሚቀርጽ ሰው ከሰርዴስ መጣ፣ ዞቲኮስ የሚባል። ብረቶቹን በቆዳ ጠቅልሎ በአህያ ጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ሸንጎው ፊት ቆሞ፣ «ፊቷን ያየ ሰው ስጡኝ። ከሌለ የሰርዴሷን አምላክ ፊት ጠጉሩን ቀይሬ እሰጣችኋለሁ። ለሦስት ከተማ እንደዚያ አድርጌያለሁ፣ ማንም አላወቀም» አላቸው።

ሜኖፊሎስ በቁሙ ሊሞት ደረሰ። ካህኑ መልቲኔን አስጠራት። «ለዚህ ሰው ብቻ፣ ፊቷን ብቻ ንገሪው። ለከተማው ክብር ነውና መሐላሽ አይያዝብሽም» አላት።  እሷም «ይምጣ» አለች አሉ።

በማግሥቱ ጧት ዞቲኮስ ፊቷን አስቀድሞ የሚቀርጽበትን ሰም ይዞ ቤቷ ገባ። ብቻቸውን እንዲሆኑ ኤልፒስን ወደኔ ላከቻት። ሕፃኗ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እግሬ ሥር ተቀምጣ ከሱፍ ክምር ጋር ትታገላለች። እኔ እንዝርቴን እያሾርኩ ነበር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩም፤ ቢሆንም የግድግዳውን ነገር ነግሬያችኋለሁ።

 ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከግንባሯ ጀምሪ፣ እናቴ» አላት።

«ግንባሯ ሰፋ ይላል» አለች።

«እሺ። አፍንጫዋስ?»

«መሀሉ ላይ ጎበጥ ይላል። ብዙ አይደለም።»

«የአምላክ አፍንጫ ይጎብጣል እንዴ?»

«የኛዋ ይጎብጣል።»

እንዝርቴ ቆመ። መጀመሪያ ምን አልኩ መሰላችሁ? ወይ ጉድ፣ እናቲቱ አሚያን ትመስላለች ማለት ነው፣ አልኩ። ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር። እናቲቱ የራሷን ፊት ለመልቲኔ ልጅ ሰጥታት ኖሯል ብዬ አሰብኩ።

«ጠጉሯ ጆሮዋን ይሸፍነዋል?» አላት ዞቲኮስ።

«የግራውን አይሸፍነውም። ወጣ ይላል። አንድ ሹሩባ በትከሻዋ ይወርዳል።»

«አፏስ? ፈገግ ትላለች?»

 የሰም መቅረጫው ጭር ጭር ሲል ይሰማኛል።

«ድሮ ትስቅ ነበር» አለች። «አሁን አትስቅም።»

ያኔ ገባኝ። አፌን በሱፍ ይዤ ጩኸቴን ዋጥ አደረግኩት፤ ሕፃኗ ቀና ብላ አየችኝ። ዋሽታለች። ሠላሳ ዓመት አንዲት ቃል ሳትጨምር የኖረች ሴት፣ ለከተማው ሁሉ የልጇን ፊት ሰጠችው።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ? በበዓሉ ቀን ሜኖፊሎስ ከመቅደሱ ደጅ ቆሞ ሳንቲሙን ከዳቦና ከሥጋ ጋር ለየቤቱ አከፋፈለ። አዲስ መዳብ ነበር፣ ያብለጨልጫል። አሚያ ሹሩባዋን በትከሻዋ ጥላ፣ ጆሮዋን አውጥታ፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ትሄዳለች። ሰው ሁሉ እየሳመ ግንባሩ ላይ ያስነካታል። አንዳንዱ «የማውቃት ይመስለኛል» ይላል፤ «እንዴታ፣ እናታችን አይደለች?» ይሉታል። የኪሎንዳው አይብ ሻጭ አገላብጦ አየና «አፍንጫዋን ምን መታት?» አለ። ከዚያ ያለፈ አልተናገረም፤ ቆንጆ ሥራ ነበር።

መልቲኔ የደረሳትን ይዛ ገባች። በግድግዳው በኩል እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ይቺ እናትሽ ናት። ለማንም አትንገሪ። እናትሽ ናት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕፃኗ ከሳንቲሟ አልተለየችም። ስትበላ አጠገቧ ታስቀምጣታለች፣ የገብስ ዳቦ ፍርፋሪ ታቀርብላታለች። ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ፣ እማ» ስትላት እሰማለሁ። መልቲኔም ተለወጠች፤ ሸማ መሥሪያው ላይ ሆና ታንጎራጉራለች። ክሬን መመለስ ሁሉ ትታ ነበር።

እንዲህ ሦስት ዓመት ኖሩ። ከዚያ በአንድ ጸደይ የልጅቷ ዓይን አበጠ።

በዚያ ጸደይ ንፋሱ ክፉ ነበር፣ ተራራው ዱሮ እሳት ተፍቶ ካቃጠለው ጥቁር አፈር ላይ አቧራውን እያነሳ ያለብሰናል። በኛ ሰፈር ብቻ ስድስት ልጆች ዓይናቸውን ታመዋል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ግን እኛ የዚህ አገር ሰዎች ዶሮ መጣል ስታቆም እንኳ «ምን አጥፍቼ ነው?» የምንል ነን። የመቅደሱ ግቢ በጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው። አንዱ ላይ እግር ተቀርጿል፣ የሰው በግ ሰርቆ እግሩን የታመመ። አንዱ ላይ ጡት፣ በሐሰት የማለች። ኃጢአትህን በሰው ፊት ትናገራለህ፣ በድንጋይ ታስጽፋለህ፣ እናቲቱ ትተውሃለች። እናቴም አላት እዚያ አንድ ድንጋይ። እኔም ሌላ ነገር አላውቅም ነበር።

የኤልፒስ ሁለቱም ዓይን በአሥር ቀን ውስጥ ተዘጋ። መግል ይወርደዋል። በዳሰሳ ሳንቲሟን ትፈልጋለች፣ በጣቷ ጫፍ ሳንቲሙ ላይ ያለውን አፍንጫ ትነካለች። ያን አይቼ ሌላ ቀን መታገሥ አቃተኝ፤ ወደ መልቲኔ ገባሁ።

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «ያን ቀን ለቀራጺው ስትነግሪው።»

የልጅቷን ዓይን በሞቀ ውኃ እየጠረገች ነበር፤ እጇን አላቆመችም። «ሦስት ዓመት ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ። አሁን ግን እናቲቱ ዝም አላለችም። ተናዘዢ፣ መልቲኔ።»

«ብናዘዝ ሳንቲሟን ይወስዱብኛል። ያጠፏታል።»

«ሳንቲም ይሻልሻል ወይስ የልጅቷ ዓይን?»

«ታዲያ እናቷን በምን ትያት?»

«በየትኛው ዓይኗ?» አልኳት።

አይ እኔ። ምላሴን ያኔ በቆረጠልኝ። መልቲኔ ጨርቁን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች፤ ልትናገር ነበር፣ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ መለሰችው። ምን ልትል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ጥፋቷን አምና የዋጠች መሰለኝ፤ እንዲያውም በጄ አለች ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ነጭ ለብሳ መቅደሱ ደጅ ቆመች። ካህኑ የእናቲቱን የፍርድ በትር ተከለ፣ ሰው ተሰበሰበ። ጮክ ብላ ተናገረች። ቃሉ አሁንም እዚያ ድንጋይ ላይ አለ፣ ከሁለት የተቀረጹ ዓይኖች ሥር፦ «እኔ መልቲኔ ለእናቲቱ የእሷ ያልሆነ ፊት ሰጠኋት። በልጅ ልጄ ዓይን ተቀጣሁ። ተናዘዝኩ፣ ኃይሏንም እመሰክራለሁ።» የማን ፊት እንደሆነ አልተናገረችም። አንዲት ዳቦ ሻጭ ከኋላ «የአሚያ ናት! ጆሮዋን አላያችሁም?» አለች፤ ያኔ ሁሉም አወቀ።

ሜኖፊሎስ ሊያብድ ደረሰ። ስሙ በአንድ በኩል፣ የበቅሎ ነጂ ሚስት በሌላ በኩል። ኪሎንዳዎች ለአንድ ወር ሥራ ፈትተው ሳቁብን። ሸንጎው ተቀመጠና ወሰነ፤ ሳንቲሙ ሁሉ ወደ አደባባይ ይምጣ፣ ፊቷ ላይ ኮከብ ይመታበት፣ ኮከብ የሌለበት ሳንቲም በገበያ እንዳያልፍ። መልቲኔም ከእናቲቱ አገልግሎት ትውጣ። በምትኳ ባል የሌላት ሴት ተፈለገች። እኔ ነበርኩ። ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት ትችላላችሁ። «ትሪፌና ተናዘዢ ያለቻት ለዚህ ነው» አሉ። አልነበረም። ቢሆንም ማንን ላስረዳ?

በአደባባዩ ላይ የገንዘብ ለዋጩ ጠረጴዛ አጠገብ አንጥረኛው ተቀመጠ። ሰው ተሰልፎ ሳንቲሙን ይሰጠዋል፤ እሱ የኮከቧን ብረት ፊቷ ላይ አቁሞ አንድ ጊዜ በመዶሻ ይመታል፣ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ ያ ድምፅ ነበር። እኔ የያዝኳቸውን ሁለቱን አስመታሁ። አንዱን ደብቄ ማስቀረት እችል ነበር፤ በሱፌ ውስጥ ማን ይፈልገዋል? አላደረግኩትም። ለልጅቷ ዓይን ፈራሁ።

መልቲኔ ከኋላዬ ነበረች። ሳንቲሟ በልጅ እጅ ብዛት ለስልሶ ነበር። አንጥረኛው አወቃት፤ ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ መልቲኔ፣ ጠርዙ ላይ ልምታልሽ? ማንም አያይም» አላት።

«እናቲቱ ታያለች» አለች። «ሥራህን ሥራ።»

መታው። አንስታ እንኳ አላየችውም፤ በመሀረቧ ጠቅልላ ሄደች።

አንድ የዓይን መድኃኒት ኩል ሻጭ በዚያው ሳምንት ከሎዶቅያ መጥቶ ነበርና ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሸጠ፤ ለኤልፒስም ገዛሁላት። ድንጋዩ ይሁን ኩሉ አላውቅም። ካህኑ ድንጋዩ ነው ይላል፣ ኩል ሻጩ ኩሉ ነው ይላል። በሃያኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። የግራ ዓይኗ ነጭ ለብሶ ቀረ፣ የቀኙ ግን ተከፈተ። ጨርቁ ሲፈታ እኔም ነበርኩ፣ ዳቦ ይዤ ገብቼ። ልጅቷ ብርሃኑ አስለቀሳት። አያቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«አያቴ፣ እማን አምጪያት» አለች።

መልቲኔ ከመሀረቡ አውጥታ ሰጠቻት። ሌላ ምን ታደርግ? ልጅቷ ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋቻት። አገላበጠቻት። ወንዙ አለ፣ የሜኖፊሎስ ስም አለ። መልሳ ገለበጠቻት። ሹሩባዋ ነበር፣ ጆሮዋ ግማሹ ነበር። መሀሉ ላይ ኮከብ ነው።

«የት ሄደች?» አለች።

  ዳቦውን አስቀምጬ ወጣሁ። በግድግዳው በኩል ልጅቷ እስኪደክማት ስታለቅስ ሰማኋት፤ የመልቲኔ ድምፅ ግን አልተሰማም።

በሚቀጥለው ጸደይ ተራዬ ደረሰ። ማልኩ፣ ገባሁ፣ መጋረጃው ከኋላዬ ተዘጋ። አሁን የምናገረው መሐላዬን እያፈረስኩ ነው፣ አውቃለሁ። ጉልበቴ አልቋል፣ ጥርሴ ወልቋል፣ እናቲቱ ከዚህ በላይ የምትወስድብኝ ነገር ካለ ትውሰድ። የአሮጌውን ልብስ ማሰሪያ ፈታሁ። ሻሿን አነሳሁ።

ፊት የላትም። እንጨት ነው፣ ለስላሳ እንጨት። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ። ምናልባት ዱሮ ነበራት፤ ስንት መቶ ጸደይ ስንት ሴት በውኃና በጨርቅ ስታጥባት ስታሻት አልቆ ይሆናል። ወይም ከመጀመሪያውም አልነበራትም። እጄ ላይ ውኃው እየተንጠባጠበ ቆምኩ። መልቲኔ ምን ትናገር ኖሯል? «ፊት የላትም» ትበል? ጨርቅ ናት እያሉ ለሚስቁብን ለኪሎንዳዎች እንጨት ናት ትበላቸው? ሠላሳ ዓመት «ታያችኋለች» ያለችውን ሕዝብስ ምን ትበለው? የዚያን ቀን፣ እኔ ስጮህባት፣ አፏን ከፍታ የመለሰችው ቃል ይህ ነበር። የተበደለ ፊት አልነበረም። የተበደለ ስለሌለ የሚናዘዝም አልነበረም። አሚያን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

አጠብኳት። አለበስኳት። ወጣሁና ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። «ደህና ናት። ታያችኋለች» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ በቀጥታ መልቲኔ ቤት ገባሁ። ሸማ መሥሪያው ላይ ነበረች፣ ቀና አለች።

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«ደህና ናት?»

ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለኔ እንኳ? በጆሮዬ ብቻ?»

«ምዬ ነበራ» አለች። ክሩን አጠበቀች። «ደግሞ ዓይኗ ሲዘጋ ፈራሁ። ፊት የሌላት ሰው ልትቆጣ አትችልም ብዬ አልደፈርኩም። አንቺ ብትሆኚ ትደፍሪ ነበር?»

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላወራንም። አምስት ዓመት ኖራ በክረምት በሳል ሞተች፤ ሳሏ ሲያቆም በግድግዳው በኩል ሰማሁት። እንደ ልማዳችን በሙት አፍ ውስጥ የሚደረገውን ሳንቲም ኤልፒስ ናት ያደረገችላት፣ ያችኑ ኮከብ ያለባትን። ልጅቷ የዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ኤልፒስን እኔ አሳደግኳት። በዓይኗ ምክንያት የሚያገባት አልተገኘም፤ እሷም አልጠየቀችም። መሸመን ከአያቷ ተምራለች፣ እንደ አያቷም ወጥ ያልሆነ ክሬን ደጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች። አያቷ እናቲቱን እንደበደለች፣ ድንጋዩም ዓይኗን እንዳዳነላት አምና ነው ያደገችው። እኔ እንደዚያ አምኜ አይደለም ያሳደግኳት፤ እውነቱን ሳልነግራት ዝም ብዬ ነው።

ዘንድሮ እጄ ተኮማትሮ ማሰሪያውን መፍታት አቃተኝ። ካህኑ ማን ትተካሽ ሲለኝ ሌላ ስም ለመጥራት ሦስት ቀን አሰብኩ። ባል የሌላት፣ ሸማኔ፣ አፏን የምትጠብቅ፤ ከእሷ በቀር አልነበረም። ምላ ገባች። እኔ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆምኩ። ከወትሮው ቆየች፤ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ወይኑ እየሞቀ ነው አሉ።

ወጣች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል። ሕዝቡን አይታ አይታ ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ።

«ደህና ናት» አለች። ሁሉም ጠበቀ። «ታያችኋለች።»

ወደ ቤት ስንወርድ እንደ ልማዷ ክንዴን ያዘች፤ ቁልቁለቱን ብቻዬን አልችለውም። ግማሽ መንገድ ላይ፣ «አያቴን ተናዘዢ ያላት ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ክንዴን አልለቀቀችም። እስከ ደጄ አድርሳኝ ገባች። ዛሬም ጧት ጧት ዳቦ ታመጣልኛለች፣ እሳቴን ታነዳለች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ትሸምናለች። የምትቀመጠው ግን በቀኜ በኩል ነው፣ ያ ነጩ ዓይኗ ወደኔ በሚዞርበት።